ደብተር ይዞ መድኃኒት ፍለጋ፦ የኮሶዬ የጉዞ ማስታወሻ

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ከሐኪም ቤት የሚመለስ ሰው በያዘው ትልቅ ፖስታ ይታወቃል። ውስጡ ራጅ ነው። ባለቤቱ እንዳይታጠፍበት ጉልበቱ ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ይዞት ይሄዳል፤ ረዳቱ "ወዲህ በለው፣ ከላይ እናድርገው" ቢለውም አይሰማም። እኔ በተሳፈርኩበት መኪና ፖስታውን የያዙት ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መስኮቱን ተደግፈዋል። ሰውየው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በእግራቸው መሃል አቁመው ሾፌሩን በዓይናቸው ይጠብቃሉ።

ጊዜው የ2017 ጥር መጨረሻ ነው። ጥምቀት አልፏል፣ እንግዳው ተመልሷል። ጠዋት ሾፌሩም ተሳፋሪውም በየስልካቸው መንገዱን ሲጠይቁ ነበር። በክልሉ ግጭት ከተነሳበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ በዚህ አገር "መንገዱ እንዴት ነው?" ማለት "እንዴት አደራችሁ?" እንደ ማለት ሆኗል። "ደህና ነው" ተባለና ሄድን። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ተያያዝነው፤ ጆሮዬ ሲደፈን ደጋ መግባታችንን አወቅሁ።

የመጣሁት ስለ ጤና መድን ለመጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚወራው በሽፋን ነው፦ ይህን ያህል ወረዳ ገባ፣ ይህን ያህል አባወራ ታቀፈ ይባላል። ፕሮግራሙ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ጠሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ዛሬ በአገሪቱ ከ1 ሺህ በላይ ወረዳዎች ገብተውበታል። የሚያስመሰግን ነገር ነው። ግን ቁጥሩ ወረዳ ከተማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሄዶ ካላዩት አይገኝም።

"አባቴ፣ እናታችንን ምን ነካቸው?" አልኳቸው።

"ግፊት ነው አሉን። ልቧም ሰፍቷል አሉ።"

"ድሮስ ጠቦ ያውቃል? አንቱን ችሎ የኖረ ልብ!" አሉ ሴትየዋ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፣ ሰውየውም ሳቁ። ኮሶዬ ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።

ኮሶዬ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በደህናው ጊዜ ቱሪስት ለገደሉና ለጭላዳው ይመጣ ነበር። ስለ ሁለቱም ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔም ዞር ብዬ አይቼ፣ አድንቄ፣ ሰውየውን ተከተልኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ጭዱ ተከምሯል፣ በጎቹ ገለባው ላይ ናቸው። ይህ ወር ለገበሬው የእፎይታ ወር ነው፤ በዚያው ልክ የመክፈያ ወርም ነው። የመሬት ግብሩ፣ የማዳበሪያው፣ ይሄም ያም መዋጮ በዚህ ሰሞን ይመጣል። የመድን እድሳትም እንዲሁ። ገበሬ ገንዘብ በእጁ የሚይዘው አሁን ነው ብሎ ያሰበው ሰው አስተዋይ ነው፤ ችግሩ አስተዋዮቹ ሁሉ ስለ አንድ ወር ማሰባቸው ነው።

ቤት ገብተን ቆሎ ቀረበ፣ ቡና ተጣደ። የመድን ደብተራቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከአልጋው ሥር ሳጥን ተሳበ። ከሳጥኑ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ የመሬት ደብተሩና የመድን ደብተሩ ተደራርበው በክር ታስረው ወጡ።

"ከሁለቱ የትኛው ይበልጥብዎታል?"

"መሬቱ ነዋ! መሬት ካለ መድኑን እከፍላለሁ።" ክሩን እየፈቱ ትንሽ ዝም አሉ። "ግን ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ መሬቱን ያተረፈልኝ ይሄ ነው።"

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትርፍ አንጀት ይዟቸው ነበር። በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ወጡ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው ጎንደር ገቡ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የአልጋውንም የቀዶውንም ሒሳብ ደብተሩ ሸፈነው። "ድሮ ቢሆን መሬቴን ወለድ አግድ ሰጥቼ ነበር የምታከም" አሉ። ወለድ አግድ መሬቱን ለአበዳሪ ሰጥቶ፣ ብሩ እስኪመለስ ምርቱን ሌላ ሰው ሲበላው ማየት ነው። በዚህ ደጋ ስንት ቤተሰብ ከአንድ በሽታ በኋላ የራሱ መሬት ላይ የሰው እኩል አራሽ ሆኖ እንደቀረ ሽማግሌ ቢጠይቁ ይቆጥርልዎታል። ስለ መድኑ ቅሬታ ልጽፍ ነውና ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ።

ደብተሩን ተቀበልኳቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቷቸው አለ፤ እርጥበት ነክቶት አንድ ጆሯቸው ጠፍቷል። ከሥሩ የቤተሰቡ ስም ተራ በተራ ተጽፏል። ቀጥሎ በየዓመቱ የሚመታው ማኅተም ይመጣል፤ አንዱ ጠርቶ ይነበባል፣ አንዱ ቀለሙ አልቆበት ክቡ ብቻ ቀርቷል። የ2014 ቦታ ባዶ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው "ያኔ ማን ይመጣል? ጦርነቱ ዳባት ደርሶ" አሉ። ከልጆቹ ስም አንዱ ላይ ሰረዝ ተሰምሮበታል። ክፉ ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰውየው ገባቸው።

"አለ፣ አለ! በጎች ጋ ነው። 18 ሞላው ተብሎ ነው የተሰረዘ።"

የመድኑ ደንብ እንዲህ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አባወራው ሲከፍል ሚስቱና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ ይታቀፋሉ። ልጁ 18 ሲሞላው ግን እዚያው ቤት እየኖረ፣ ከዚያው ማዕድ እየበላም ቢሆን ተጨማሪ ይከፈልበታል። ክፍያው ራሱም እንደ ድሮው አይደለም። በሙከራው ዘመን የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ ከ200 ብር ብዙም የማያልፍ ነበር። አሁን እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ ኑሮ ደረጃው ይለያያል፣ ብዙ እጥፍም ጨምሯል። ሽማግሌው በራሳቸው ገበያ ለኩልኝ፦ "መጀመሪያ ስገባ ዶሮ ሸጬ ነው የከፈልኩት። ዘንድሮ በግ ነው።"

ወደ ማታ ጨዋታው ወደ ቀድሞው ዘመን ዞረ። ሰውየው ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ የሦስት መንግሥት ወረቀት በእጃቸው አልፏል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ "ችግረኛ ነው" ብሎ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ በዚያ ይታከሙ ነበር። ቀጥሎ የቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት መጣ። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ አወጣ፤ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከታካሚ የሚሰበስቡትን ብር ወደ ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ ራሳቸው ጋር አስቀርተው ለመድኃኒትና ለዕቃ እንዲያውሉት የተፈቀደላቸው በዚያ መንገድ ነው። ሽማግሌው ስትራቴጂውን በስሙ አያውቁትም። የሚያውቁት "ካርድ ክፍል ላይ ብር መጠየቅ የበረታበት ጊዜ" ብለው ነው።

ከዚያም በፊት የነበረውን ከአባታቸው ሰምተዋል። አጎታቸው ለአጨዳ ደምቢያ ወርደው በዚያው ቀሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ የተነሳው ወባ ሺዎችን ፈጅቷል፤ ከሞቱት ውስጥ ወባ የማያውቀው ደገኛ ብዙ ነበር። ከዚያ እልቂት በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖች አግዘውታል። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት አሰልጥኖ፣ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሥራውን ይለማመዱባቸው ከነበሩት ቦታዎች አንዱ እዚያው ደምቢያ ያለው ቆላ ድባ ነው። አልማ አታ ላይ ዓለም ተሰብስቦ ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ከመወሰኑ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ጎንደሬ በፋሲል ግንብ እንደሚኮራው በዚህ ቢኮራ አይበዛበትም እላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አንድ ጤና ኬላ ወረድኩ። የቀበሌውን ስም ትቼዋለሁ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ የክትባት ሠንጠረዥ፣ የነፍሰ ጡሮች ዝርዝር፣ የልማት ቡድን መሪዎች ስልክ ተለጥፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጉንጫቸው በብርድ የተሰነጠቀ ሕፃናትን እየመዘነች ነበር። ሚዛኑ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሕፃኑ የተቀመጠባት ቁምጣ መሳይ ጨርቅ መርፌው እስኪረጋ ትወዛወዛለች፣ እናትየው ከሥር እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ጋሼ፣ ከወረዳ ነው?" አለችኝ። አይደለሁም ስላት ፊቷ ፈታ አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሁለት ሴቶች፣ 16 የጤና ፓኬጆች፣ ዋናው ሥራ መከላከል የሚል ነበር፤ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ማስከተብ፣ ማስተማር። እየቆየ ሥራው ሰፋ። የሕፃናትን የሳንባ ምች ማከም ተጨመረ፣ ክንድ ሥር የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ተጨመረ፣ ሪፖርቱ ደግሞ በየጊዜው ተጨመረ። አሁን መድኑም እሷ ጫንቃ ላይ ነው። ቤት ለቤት እየዞረች አባል የምትቀሰቅሰው፣ ማን አሳደሰ ማን ቀረ ብላ የምትመዘግበው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ድሮ ስሄድ እናቶች ቡና አፍልተው ነበር የሚቀበሉኝ። አሁን በዚህ ወር ከሩቅ ካዩኝ በሩን ዘግተው ጓሮ ይገባሉ። 'ለመድኑ ነው የመጣሽ?' ይሉኛል። እኔ ለክትባት ነው የሄድኩ።"

ይህን አዲስ አበባ ሆኜ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አላነበብኩትም። የዚች ልጅ ትልቁ መሣሪያ ሚዛኑም ፍሪጁም አይደለም፤ በር ስታንኳኳ መከፈቱ ነው። ያንን በር በአንድ ወር መዋጮ መሰብሰቢያ ካደረጉት በቀሩት ወራት ለክትባቱም አይከፈትም። መድኑን የሚያስፋፋው ክፍል በጀቱን ሲያሰላ ይህን ወጪ የሚያስገባበት መደብ የለውም።

አባልነቱ በፈቃድ ነው ይባላል። ኮታ ግን ለቀበሌ ይወርዳል፤ ቀበሌም በእጁ ባለው ነገር ያስፈጽማል። ከጤና ኬላው ደጃፍ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ገበሬ "ለፍርድ ቤት የነዋሪነት ደብዳቤ ፈልጌ ብሄድ፣ መጀመሪያ የመድን ደረሰኝህን አምጣ አሉኝ" አለኝ። ተናደህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ከፍዬ ሳበቃ ሚስቴ በምጥ ተይዛ ሄደች፤ ደም ተሰጣት፤ ምንም አልጠየቁንም። ታዲያ ልናደድ ወይስ ልመርቅ?" ብሎ ሳቀ። ማዋለድ ድሮም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ መሆኑን፣ ክትባቱም፣ የቲቢው ሕክምናም እንደዚያ መሆኑን አልነገርኩትም። ደስታው የመድኑ ሆኖ ቢቀር ማንን ይጎዳል?

ከሰዓት በኋላ ያገኘኋቸው ሴት ግን አልሳቁም። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ መሬቱን ለእኩል ሰጥተው ይኖራሉ። እስከ አምና "የድሃ ድሃ" ተብለው መዝገብ ላይ ነበሩ። የድሃ ድሃ የሚባሉት መዋጮ መክፈል የማይችሉት ናቸው፤ የእነሱን ክልልና ወረዳ ተጋርተው ይከፍሉላቸዋል። ቁጥራቸው ግን ገደብ አለው፤ አሠራሩ ሲነደፍ ከአባወራው 10 በመቶ ገደማ ተብሎ ነው የታሰበው። ዝርዝሩ በቀበሌ ስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ "ይገባዋል፣ አይገባውም" ይባላል።

ዘንድሮ ስማቸው ሲነበብ አልሰሙም። የተነገራቸው ምክንያት ቆርቆሮ ነው። ልጃቸው መተማ ለሰሊጥ ወርዶ በቀን ሥራ ካጠራቀመው ብር የቤቱን ጣሪያ ሣር አውልቆ ቆርቆሮ አልብሶላቸዋል።

"ቆርቆሮ ያለው ድሃ አይደለም አሉኝ፣ ልጄ። ላውልቀው? ወይስ ድሃ መሆኔን የሚመሰክር ሽማግሌ ላስቀምጥ?"

ሰብሳቢዎቹን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እነሱም የተሰጣቸው ሰፌድ ጠባብ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በፊት የተሰላው አሥር በመቶ ከጦርነቱ በኋላም፣ የዘይትና የማዳበሪያ ዋጋ እንዲህ ከናረ በኋላም አሥር በመቶ ከሆነ፣ አዲስ ድሃ ለማስገባት አሮጌውን ማስወጣት ግድ ይላል። ለማስወጣት ደግሞ ሰበብ ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ ያብለጨልጫልና ሰበብ ለመሆን ይመቻል።

ማታ የትምህርት ቤቱ መምህር ሽማግሌው ቤት ሊጠይቁን መጡ። "ወንድሜ፣ ስለ መድን የምትጽፍ ከሆነ እኔንም ጻፈኝ፤ እዚህ መንደር መድን የሌለኝ እኔ ነኝ" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እውነት ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ደሞዝተኛው የሚታቀፍበት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከሠራተኛው ደሞዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ነበር። ከዚያ ሊጀመር ነው ሲባል ሲራዘም፣ ሊጀመር ነው ሲባል ሲራዘም ዓመታት ነጎዱ። እውነት ለመናገር ሠራተኛውም ራሱ፣ መምህሩና ሐኪሙ ሳይቀር፣ "ከዚች ደሞዝ ላይ ደግሞ ልትቆርጡ ነው?" ብሎ ተቃውሞት ነበር። መምህሩም ያኔ ከተቃወሙት አንዱ ናቸው። "አሁንስ?" አልኳቸው። "አሁንማ አባባን እያየሁ እቀናለሁ" ብለው ሽማግሌውን ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው።

መምህሩ የቴሌግራም ዜና ስለሚከታተሉ የዋሽንግተኑንም ወሬ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ያን ሰሞን ሥልጣን የያዙት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን ያገዱበትን ትእዛዝ የፈረሙት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። በእኛ ጥር 12 ቀን 2017 ማለት ነው፤ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጎንደር የሚካኤልን ታቦት እያጀበች ስታስገባ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች አይ ቪና በመሰል ሥራዎች የተሰማሩ 5 ሺህ ያህል ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ በደብዳቤ አሳወቀ። የመምህሩ የአጎት ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው፤ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎችን በስልክ እየፈለገ መመለስ ነበር ሥራው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነፃ መሆኑ አልቀረም። "ግን የጠፋውን ማን ይፈልገው?" አሉ መምህሩ። ለዚህ ጥያቄ እዚያ ቤት መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

እናታችን ግን ዋሽንግተንን ለእኛ ትተው መድኃኒታቸውን እየቆጠሩ ነበር። ሐኪሙ ሦስት ዓይነት አዞላቸዋል። ደብተራቸውን ይዘው መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ሲደርሱ አንዱ ተሰጣቸው። በሁለቱ አንጻር "የለም" የሚል ተጻፈና ወረቀቱ ተመለሰላቸው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ "የለም" የሚለው በችኮላ የተጻፈ ሆኖ ከሐኪሙ ጽሕፈት ግን የተሻለ ይነበባል። ሁለቱን ከግል መድኃኒት ቤት ገዙ። ለአንድ ወር ብቻ ነው የገዙት፤ ለአንድ ወር የከፈሉት ለዓመት መድን ከከፈሉት ብዙም አይተናነስም። አንደኛውን ፍሬ ለሁለት ሰብረው ሁለት ወር ሊያደርሱት አስበዋል። እባክዎ እንዳይሰብሩት ብዬ ለመንኳቸው። "እሺ" አሉኝ፤ እሺታቸው ግን እንግዳ ላለማስቀየም ነው።

አሠራሩ እንደሚለው "የለም" የተባለበትን ወረቀትና የግዢውን ደረሰኝ ይዞ ወረዳ የሄደ አባል ገንዘቡ ይመለስለታል። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ሞክረውታል። አንድ ቀን ሄዱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነበር። ሌላ ቀን ሄዱ፣ ደረሰኙ ላይ የታካሚዋ ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል ተባሉ። "ብር ለማምጣት ብር ጨረስኩ፤ ተውኩት" አሉ።

መድኃኒቱ ለምን እንደሚጠፋ ጎንደር ላይ፣ ከመሳፈሬ በፊት፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ አስረድቶኝ ነበር። ጤና ጣቢያው አባሉን በዱቤ ያክማል ማለት ይቻላል፤ ያከመበትን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው መድን ያቀርባል፣ መድኑ አጣርቶ ይከፍላል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ብር ያልቅበታል፤ ጎንደር ያለው የመድኃኒት አቅራቢ ቅርንጫፍ መጋዘኑ ሞልቶ እንኳ ቢሆን በባዶ እጅ ሄዶ አይጫንም። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የብርን ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ግፊቱም ስኳሩም የሚታከሙበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ኮሶዬ ላይ ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚያወራ ሰው አልሰማሁም፤ ስለ ምንዛሪው የሚያወራው እናታችን ለሁለት ሊሰብሩት ያሰቡት ፍሬ ነው።

እኔን ከሁሉ የቆረቆረኝ ዋጋው አይደለም። ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። መድኑ ውል ነው ይባላል፤ ውል ከሆነ ሁለቱንም ወገን ማሰር አለበት። ሽማግሌው በጊዜው ካላሳደሱ ይቀጣሉ፤ ዘግይተው ሲመለሱ የመጠበቂያ ጊዜ አለ፣ እስኪያልፍ በራሳቸው ብር ይታከማሉ። ጤና ጣቢያውን ዘለው በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄዱ የወጪውን ግማሽ ይሸከማሉ፤ ሪፈር ሳይዙ መሄድ ጥፋት ነው። ይህ ሁሉ በሥርዓት የተጻፈ ነው፣ ምክንያትም አለው። መስኮቱ ላይ "የለም" ሲባል ግን ማን ይቀጣል? ሒሳቡ ለወራት ሲዘገይስ? በዚህ በኩል የሚቀጣ አንቀጽ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። መዋጮው በሚቀጥለው ጥር እንደገና ቢጨምር ገበሬው ቅር እያለውም ይከፍላል፣ በጉን ይሸጣል። "የለም" የሚለው ቃል እስካለ ድረስ ግን ኤክስቴንሽኗን በር የሚከፍትላት ሰው እያነሰ ነው የሚሄደው።

ልመለስ ስል ሽማግሌው እስከ መንገድ ሸኙኝ። በጎች ጋ የነበረው፣ ስሙ የተሰረዘው ልጅ አብሮን ወጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቀይ የሱፍ ቆብ ያደረገ ወጣት ነው። ለሰሊጥ አረም መተማ ሊወርድ አስቧል። ለአጨዳውም እዚያው ይቆያል። የጎረቤቱ ልጅ አምና ከዚያው ካላዛር ይዞት መጥቶ ነበር፤ የግል ክሊኒክ ለክሊኒክ ሲዞር፣ አንዴ ወባ አንዴ ታይፎይድ ሲባል ብር ጨርሶ፣ በመጨረሻ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የካላዛር ማዕከል ደረሰ። ሕክምናው ነፃ ነው፤ 17 ቀን መርፌ ተወግቶ ዳነ። በነፃው ሕክምና በር ላይ ለመድረስ ግን የቤተሰቡ ጊደር ተሸጣለች።

መኪናው ሲዘገይ ሽማግሌው ያመነቱበትን ነገር አነሱት።

"አንተ የተማርክ ነህ፤ ንገረኝ። ይሄ ልጅ አሁን በጥር ጤነኛ ነው። በጥቅምት ታሞ ቢመጣ፣ ያኔ ልክፈልለት ብል ይቀበሉኛል?"

"አይቀበሉዎትም፣ አባቴ። ምዝገባው በዚህ ሰሞን ነው የሚዘጋው።"

"ለሱ ብቻውን ስንት ነው?"

ኤክስቴንሽኗ የነገረችኝን ነገርኳቸው። ወደ ልጁ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ እሱ ቆቡን አስተካከለ።

"በል ያችን ቦቃ ጠቦት ለቅዳሜ ገበያ አዘጋጅ" አሉት። "ሲሰርዙህ ዝም አልኩ፤ ሲጽፉህ ግን እኔው ራሴ ቆሜ ነው የማየው።"